ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ለምትገዙ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ለግዢና ለንብረት ክፍሎች፤ በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ቆሞም ተቀምጦም የሚሠራበትን የቢሮ ጠረጴዛ ይመለከታል

ሰላምታችንን እያስቀደምን ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ቁመቱ የሚስተካከል ጠረጴዛ ይገዛልን የሚል ጥያቄ ሲቀርብላችሁ አብሮት የሚደረደረው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ክብደት ይቀንሳል፣ ልብን ይጠብቃል፣ ወገብን ያሳርፋል። የወገቡ ነገር በከፊል እውነት ነው። የልቡ ነገር በመቆም ብቻ አይገኝም። የክብደቱ ነገር ደግሞ ቁጥር ሲቀርብበት ወዲያው ይወድቃል። ይህን የምንለው ዕቃውን ለማጣጣል አይደለም፤ እንዲገዛ ከሚፈልጉት ወገን ነን። ነገር ግን በተሳሳተ ምክንያት የተገዛ ዕቃ አያያዙም ይሳሳታል። የአንድ ሰሞን ሆይ ሆይታ ካለፈ በኋላ ጠረጴዛው ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ የሚነካ ሰው ይጠፋል፤ መሥሪያ ቤቱም ተራ ጠረጴዛ በብዙ እጥፍ ዋጋ ገዛ ማለት ነው። የዚህ ዕቃ ጥቅም ያለው ከመቆሙ ላይ ሳይሆን ከመቀያየሩ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

መቀመጥ ይጎዳል ሲባል ሁሌም የሚጠቀሰው የለንደን አውቶቡሶች ጥናት ነው። ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮች በልብ ደም ሥር ሕመም የሚያዙት ከትኬት ቆራጮቹ በበለጠ መሆኑን አሳዩ። ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ እንጂ አንድ ቦታ ተገትሮ አልዋለም። ይህ ጥናት ዛሬ ለመቆሚያ ጠረጴዛ ማስታወቂያ ሲውል ያቺ ልዩነት ተረስታለች። ሞሪስና ባልደረቦቹ ራሳቸው ከሦስት ዓመት በኋላ የደንብ ልብስ ልኮችን አገላብጠው፣ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ በየዕድሜው ከትኬት ቆራጮቹ ሰፋ ያለ መሆኑን አሳውቀዋል። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ወንበሩ ነው ማለትም አይቻልም።

ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይነሣ ሲቀመጥ የጭኑና የመቀመጫው ትላልቅ ጡንቻዎች ሥራ ይፈታሉ። ከደም ውስጥ ስኳር በብዛት የሚወስዱት እነዚህ ጡንቻዎች ናቸው። በእግር ያለውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻም እንዲሁ ዝም ይላል። ለዚህ መድኃኒቱ አጭር እንቅስቃሴን ደጋግሞ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ የክብደት መጠናቸው ከሚገባው በላይ በሆነ 19 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። በየ20 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ብቻ ቀስ ብለው ሲራመዱ፣ ከምግብ በኋላ ከፍ የሚለው የደም ስኳራቸው ለ5 ሰዓት ሳይነሡ ከተቀመጡበት ቀን ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ቀንሷል። ቀነሰ የተባለው በመራመድ ነው እንጂ በመቆም አይደለም።

መቆም ብቻውንስ? የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትንተና፣ መቆም ከመቀመጥ በደቂቃ 0.15 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አብልጦ እንደሚያቃጥል አሰላ። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 6 ሰዓት ቆሞ ቢውል 54 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ ከአንድ መካከለኛ ብርቱካን አይበልጥም። ስለዚህ «ክብደት ለመቀነስ» የሚለውን ሐረግ ከግዢ ሰነዱ ላይ ሰርዙት። ያንን ተስፋ ይዞ የጀመረ ሠራተኛ ሚዛኑ ሳይንቀሳቀስ ሲያይ ጠረጴዛውንም ይተወዋል።

ከዚህ የከፋው፣ መቀመጥ መጥፎ ከሆነ ቆሞ መዋል ጥሩ ነው ብሎ መደምደም ነው። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ከ7,000 በላይ ሠራተኞችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ሥራቸው በአብዛኛው መቆም የሆነ ሰዎች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ተቀምጠው ከሚሠሩት ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመና በብሪታንያ የሚኖሩ ከ83,000 በላይ ሰዎችን የሚሸፍን ጥናትም ብዙ መቆም ልብን እንዳልጠበቀ አሳይቷል። እንዲያውም በቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት ባለፈ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት መቆም፣ እንደ እግር ደም ሥር ማበጥና ሲነሡ የደም ግፊት መውረድ ያሉ ችግሮች ዕድል በ11 በመቶ ከፍ ብሏል። ምክንያቱ አይከብድም። የባት ጡንቻ ደም የሚገፋው ሲኮማተርና ሲላላ ነው፤ ተገትሮ የቆመ ሰው ባት አይኮማተርም፣ ደሙ ወደ ታች ይጠራቀማል። ወገብም ቢሆን አያመልጥም፦ በቤተ ሙከራ ለ2 ሰዓት ያህል እንዲቆሙ ከተደረጉ፣ ቀድሞ የወገብ ሕመም ካልነበረባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ሕመም ይጀምራቸዋል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናርም። «መቀመጥ የአከርካሪ ዲስክን ከመቆም ይልቅ ይጨፈልቃል» የሚለው በሻጮች ወረቀት ሁሉ ላይ አለ፤ ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ትራስ ነው። መነሻው ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያደረገው ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን ውስጥ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ ተተክሎ ሲታይ ግን ቆሞ 0.5፣ ዘና ብሎ ተቀምጦ 0.46 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሆነ። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም፤ ካለም ወደ ተቃራኒው ያደላል። በአንድ ሰው ላይ የተደረገ ልኬት መደምደሚያ አይሆንም፤ ግን የግዢ ውሳኔ በዲስክ ግፊት ላይ እንዳይመሠረት ለማሳሰብ ይበቃል።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ሰውነት ሲደክመው አቋም እንዲቀይር መንገድ ስለሚሰጥ፣ የቆመ ሰው ደግሞ ከተቀመጠ ሰው በቀለለ ስለሚራመድ ነው። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገ ሙከራ ጠረጴዛው የተሰጣቸው ሠራተኞች የመቀመጫ ጊዜያቸው በቀን በ66 ደቂቃ ቀነሰ፤ የላይኛው ጀርባና የአንገት ሕመማቸውም በ54 በመቶ ወረደ። ከአራት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛው ሲወሰድባቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ መሻሻሉ በአብዛኛው ተመልሶ ጠፋ። በእንግሊዝ ሌስተር በሆስፒታል የቢሮ ሠራተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ከዓመት በኋላም በቀን ወደ 83 ደቂቃ የሚጠጋ ቅናሽ አግኝቷል፤ ግን እዚያ ጠረጴዛው ብቻውን አልተሰጠም፣ አጭር ትምህርትና ክትትል ነበረው። የዚሁ ቡድን ተከታይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ነገሩ ይበልጥ ጠራ፦ ትምህርትና ክትትል ብቻ ያገኙት ወደ 22 ደቂቃ፣ ትምህርቱንም ጠረጴዛውንም ያገኙት ወደ 64 ደቂቃ ቀነሱ። ጠረጴዛው ትልቁን ድርሻ ይዟል ማለት ነው፤ ግን በሁለቱም ጥናቶች ከነትምህርቱ ነው የገባው። በጀታችሁን ስትይዙ ለትምህርቱም አንድ መስመር ያዙለት።

የጊዜውን ነገር እንግለጽ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ለቢሮ ሠራተኛ ያስቀመጡት መነሻ በሥራ ቀን ድምሩ 2 ሰዓት የሚሆን መቆምና ቀላል መራመድ ነው፤ ቀስ በቀስም ወደ 4 ሰዓት ማሳደግ። በኋላ ከወጡት የደም ሥር ውጤቶች ጋር ስናየው እኛ የምናዘነብለው ወደ ሁለቱ ሰዓት ነው፤ እሱም ተቆራርጦ፣ ከዚያ በላይ ያለው በመራመድ እንዲሞላ። አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ቆሞ 50 ደቂቃ መቀመጥ፤ በሁለተኛው 15 ደቂቃ፤ ከዚያ እግር እንደቻለ 20 ወይም 25፤ ከ15 በላይ ያለው ግን በመራመድ ይሞላ። በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆም አያስፈልግም። የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው። አዲስ ጠረጴዛ ያገኘ ሰው በጉጉት አራት ሰዓት ይቆማል፣ ማታ ተረከዙ ይቃጠላል፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ዝቅ ይልና በዚያው ይቀራል።

ከሰዓት ቆጣሪ ይልቅ መቀያየሩን ከሥራ ዓይነት ጋር ማያያዝ ይበልጥ ይዘልቃል። ስልክ ማነጋገር፣ ኢሜይል ማንበብ፣ በስክሪን ስብሰባ መካፈል፣ የታተመ ሰነድ መፈተሽ ለመቆም ይመቻሉ። ረጅም ጽሑፍ መጻፍ፣ ሒሳብ ማመሳከር፣ በማውስ ጥቃቅን ሥዕል መሥራት ደግሞ ተቀምጦ ይሻላል፤ እጅ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋሉ፣ የቆመ ሰውነት ደግሞ ሳይታወቅ ይወዛወዛል። «ስልኩ ሲጠራ ቁልፉን እጫናለሁ» ያለ ሰው ከ«በየግማሽ ሰዓቱ እነሣለሁ» ባዩ የተሻለ ይቆይበታል።

ከፍታ አለካኩን ዘርዘር አድርገን እንጽፈው፤ ብዙው ቅሬታ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሠራተኛው ለሥራ የሚያደርገውን ጫማ ያድርግ፣ ምንጣፍ ካለም ምንጣፉ ላይ ይቁም። ትከሻውን ከፍ አድርጎ ይልቀቀው፤ የወደቀበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ክርኑን ወደ ጎኑ አስጠግቶ 90 ዲግሪ ያጥፈው። አንድ ሌላ ሰው በሜትር ከወለሉ እስከ ክርኑ ሥር ይለካ። ከዚያ ላይ የኪቦርዱ ውፍረት፣ ማለትም 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ይቀነስ፤ የጠረጴዛው የላይ ገጽ የሚቆመው እዚያ ነው። የክርን ከፍታ በጥቅሉ ከሰው ቁመት 63 በመቶ አካባቢ ስለሆነ 170 ሴንቲሜትር ለሆነ ሰው ወደ 107፣ ለ155 ደግሞ ወደ 98 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ የጫማ ሶል ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ለመነሻ ግምት ነው፣ ሜትሩን አይተካም። ከፍታው ሲገኝ ከፍታን መዝግቦ በሚይዘው የማስታወሻ ቁልፍ ላይ ይመዝገብ። ለመቀመጫው ቅደም ተከተሉ ይለያል፦ መጀመሪያ ወንበሩ፣ የእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወለሉን እስኪነካ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛው፣ ወደ ክርን ከፍታ። ብዙ ሰው ጠረጴዛውን አስቀድሞ ወንበሩን ያስከትላል፤ ከዚያ እግሩ ይንጠለጠላል፣ ጭኑ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ይታነቃል።

ስሕተቱ ራሱን ያሳብቃል። ጠረጴዛው ከፍ ካለ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሰበሰባል፣ ከሰዓት በኋላ ከአንገትና ከትከሻ መገናኛ ላይ ይቆጠቁጣል፤ ክንድም በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ይዞ ይነሣል። ዝቅ ካለ የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ወገብ ይጎብጣል። በሁለት ሴንቲሜትር ያህል መሳሳት በቂ ነው።

ስክሪኑ ከዓይን የክንድ ርዝመት ያህል፣ ማለትም ከ50 እስከ 75 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ለቅርብና ለሩቅ አንድ ላይ የሚያገለግል መነጽር ያደረገ ሰው በመስታወቱ ታችኛ ክፍል ስለሚያነብ ስክሪኑ ከዚህም ጥቂት ሴንቲሜትር ይውረድለት፤ አለዚያ አገጩን እያነሣ ውሎ አንገቱ ይደርቃል። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። ሰው ሲቀመጥ ስለሚጎብጥ ከጠረጴዛው እስከ ዓይኑ ያለው ርቀት ከቆመበት ያጥራል። ስለዚህ ተቀምጦ የተስተካከለ ስክሪን ሲቆም ዝቅ ይላል። ሞኒተሩን የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ክንድ ካለ በአንድ እጅ ይስተካከላል። ላፕቶፕ ብቻውን ግን በየትኛውም ከፍታ አይሆንም፦ ኪቦርዱ ለእጅ ከተመቸ ስክሪኑ ከሆድ ትይዩ ነው። ላፕቶፕ ለሚጠቀሙ ሠራተኞች የተለየ ኪቦርድ፣ ማውስና ላፕቶፑን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚያነሣ ማስቀመጫ አብሮ ካልተገዛ ጠረጴዛውን ባትገዙት ይሻላል። ጎንበስ ብሎ መቆም ጎንበስ ብሎ ከመቀመጥ አይሻልም።

ወደ ግዢው እንምጣ። መጀመሪያ የሚታየው ከፍታው ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ነው፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይታያል። የአውሮፓው የቢሮ ጠረጴዛ ደረጃ፣ ኢኤን 527፣ ለቆሞም ለተቀምጦም የሚያገለግል ጠረጴዛ ከ65 እስከ 125 ሴንቲሜትር እንዲንቀሳቀስ ይጠብቃል። በገበያ ላይ ያሉት ርካሾቹ እግራቸው ሁለት እርከን ብቻ (አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ቱቦ) ስለሆነ ዝቅተኛቸው ከ70 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ቁመቷ 150 ሴንቲሜትር የሆነች ሠራተኛ ተቀምጣ የክርኗ ከፍታ 60 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ለእሷ ያ ጠረጴዛ ቆማ እንጂ ተቀምጣ አይሆንም፤ ብዙውን ሰዓት የምታሳልፈው ደግሞ ተቀምጣ ነው። ባለ ሦስት እርከን እግር ወደ 60 ስለሚወርድ ይህን ይፈታል። ዝርዝሩን ስታነቡ ቁጥሩ የብረቱ ብቻ ይሁን ወይስ ከነገጹ ጠይቁ፤ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ገጽ ሳይደመር የተጻፈ ከፍታ ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ሁለተኛው መንቀጥቀጡ ነው። እግሩ ተስቦ ሲወጣ አንዱ ቱቦ ከሌላው ጋር የሚደራረብበት ርዝመት ያጥራል፣ በመካከላቸው ያለችው ክፍተትም ከላይ ጎልታ ትታያለች። ዝቅ ብሎ እንደ ድንጋይ የጸና ጠረጴዛ 115 ላይ ሲደርስ በእያንዳንዱ የኪቦርድ ምት ስክሪኑን ያወዛውዛል። ስለዚህ ናሙናውን ስትፈትሹ በረጅሙ ሠራተኛችሁ ከፍታ ላይ አውጥታችሁ፣ ሞኒተር ጭናችሁ፣ አንድ ገጽ ጻፉበት። በማሳያ ክፍል ዝቅ ብሎ የቆመውን በእጅ ገፋ አድርጎ «ጠንካራ ነው» ማለት ፈተና አይባልም።

የተቀረው በአጭሩ፦ ሁለት ሞተር ከአንድ ይሻላል፤ በአንድ ሞተር የሚሠራው ሁለቱን እግር በዘንግ ስለሚያያይዝ በአንድ ወገን ሲጫን ይደክማል። አራት የከፍታ ማስታወሻ ያለው መቆጣጠሪያ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፉን ይዞ ከፍታውን በዓይን መፈለግ የግድ ከሆነ ሰው መቀያየሩን ይተወዋል። ነገር ሲነካ የሚቆም መከላከያ ያስፈልጋል። በነባር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ማንሻ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ኪቦርዱን ወደ ፊት ስለሚገፋ ጥልቀቱ ከ70 ሴንቲሜትር ያነሰ ጠረጴዛ ላይ ሰውየውን ወደ ኋላ ያስወጣዋል፣ ተቀምጦ ሲሠራም የራሱ ውፍረት ኪቦርዱን ከፍ ያደርገዋል። በእጅ የሚዞር እጀታ ያለውን አንመክርም። ለመነሣት ብዙ ዙር ማዞር ያለበት ሰው በቀን አንዴ ያዞረዋል፣ በሳምንቱ ይተወዋል።

አገጣጠም ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ገመድ ነው። ጠረጴዛው 65 ሴንቲሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ገመዱም ያንን ያህል ትርፍ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ወለል ላይ፣ ስክሪኑ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በመካከላቸው የ1.5 ሜትር ገመድ ካለ፣ በመጀመሪያው ማንሣት ገመዱ ይወጠርና ወይ ይነቀላል፣ ወይ መሰኪያውን ከነቤቱ ይሰብራል። መፍትሔው ሁሉንም ነገር ከጠረጴዛው ጋር አብሮ እንዲጓዝ ማድረግ ነው፦ ማከፋፈያውን ከገጹ ሥር በቪቴ ማሰር፣ ኮምፒውተሩን ከሥር በሚንጠለጠል መያዣ ማስቀመጥ፣ ወደ ግድግዳ የሚሄደው አንድ የኤሌክትሪክ ገመድና አንድ የኔትወርክ ገመድ ብቻ እንዲሆን። ለነዚህ ሁለቱ ርዝመታቸው 3 ሜትር ይሁን። ከዚያ ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ እስከ ላይ፣ አንድ ጊዜ እስከ ታች ውሰዱት፤ የማሰሪያው ሥራ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ከግድግዳና ከመስኮት ደፍ ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ጣት የሚቆነጠጠው እዚያ ነው። ባለ መሳቢያ ሣጥን ከሥር የሚያስገቡ ቢሮዎች ጠረጴዛው ሲወርድ በሣጥኑ ላይ ያሳርፉታል። የወንበር ክንድም ከገጹ ሥር ተሰክቶ ሲቀር ጠረጴዛው ሲነሣ ወንበሩን ያንጠለጥላል። ገጹ ቺፑድ ከሆነ ለ5 ሚሊሜትር ቪቴ አስቀድሞ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳ፤ ለ2.5 ሴንቲሜትር ገጽ ከ20 ሚሊሜትር የሚረዝም ቪቴ አትጠቀሙ፣ በላይ ይወጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉም ብሎን አንድ ጊዜ ይጥበቅ። አዲስ ጠረጴዛ ሲላላ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ጉድለት ተብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል እንጂ። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ በውሃ ልክ እየታየ የእግሩ ማስተካከያ ብሎኖች ይዙሩ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም አንዱ እግር ከሌላው ሲቀድም መቆጣጠሪያው ላይ የስሕተት ምልክት ይወጣል፣ ጠረጴዛውም አልነሣም ይላል። በአብዛኞቹ ሥሪቶች የመውረጃውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ድረስ ይዞ፣ ለቅቆ፣ እንደገና እስከ 10 ሰከንድ መያዝ ነው፤ ጠረጴዛው ጥቂት ወርዶ ትንሽ ሲመለስ ልኩን አገኘ ማለት ነው። በተከታታይ ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲደረግ የሚቆመው ደግሞ አልተበላሸም። ሞተሮቹ በተለምዶ ለ2 ደቂቃ ሠርተው 18 ደቂቃ እንዲያርፉ የተሠሩ ናቸው፤ እስኪበርድ ይጠበቅ። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከየገጹ ሥር ብትለጥፉት የጥገና ክፍሉ ግማሽ ጥሪው ይቀርለታል።

ወለሉ ጠጣር ከሆነ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ሲረገጥ ሰመጥ ብሎ የሚመለስ ምንጣፍ ያስፈልጋል። በጣም የለሰለሰ አይሁን፤ ቁርጭምጭሚት ሚዛን ለመጠበቅ ሲታገል ይደክማል። ጠርዙ ተዳፋት ይሁን፣ አለዚያ የወንበር ጎማና የሰው ጣት ይጋጩበታል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የእግር ማሳረፊያም ጠቃሚ ነው፦ አንድ እግር ሲያርፍበት ወገብ ይላላል፣ በየጥቂት ደቂቃው እግር መቀያየር ደግሞ ባትን ያሠራል። ጉልበት ተቆልፎ አይቁም። ሰው በአንድ ዳሌው ላይ ተንጠልጥሎ መቆም ሲጀምር ደክሞታል ማለት ነው፤ ሰዓቱ ባይደርስም ይቀመጥ።

ማን አይቁም የሚለውን አትለፉት። የእግር ደም ሥሯ ያበጠ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሲነሣ የሚያዞረው፣ የእግር ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሠራተኛ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ለእነዚህ ሰዎች የጠረጴዛው ጥቅም ወደ ትክክለኛ የመቀመጫ ከፍታ መውረዱ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም ነው ጥሩ ወንበርን በጠረጴዛ ለመተካት አትሞክሩ የምንለው። በጀቱ ለሁለቱ ካልበቃ ወንበሩ ይቅደም፣ ሠራተኛው ከሥራ ቀኑ አብዛኛውን የሚያሳልፈው እዚያ ነውና። አንዳንድ ቢሮ ወንበር አንሥቶ ሰውን ለስብሰባ አቁሞ ያውላል፤ ከ15 ደቂቃ በላይ ከሆነ ተዉት፣ ያመመው ሰው «ያመኛል» ብሎ በሰው ፊት እንዲናገር ማስገደድ ነው።

አከፋፈሉም ያሳስበናል። ዕቃው ውድ ስለሆነ በማዕረግ ሲታደል አይተናል፤ ቀኑን በየስብሰባው የሚያሳልፈው ኃላፊ ያገኘዋል፣ ሰባት ሰዓት ሳትነሣ መረጃ የምታስገባው ወይም ስልክ የምትመልሰው አታገኘውም። ከላይ ሳይሆን ከብዙ ተቀማጩ ጀምሩ። ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ በአንድ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ጠረጴዛ በጋራ ይቀመጥ፤ ያኔ የከፍታ ማስታወሻው በሰው ስም ይያዝ። ገንዘቡ ጭራሽ ከሌለም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ከ100 እስከ 110 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው አንድ ተራ ባንኮኒ ለስልክና ለንባብ ያገለግላል። ማተሚያውን ከየጠረጴዛው አንሥቶ ወደ ኮሪደር ማውጣት፣ የውሃ ማቀዝቀዣውን ማራቅ ደግሞ ምንም አያስወጣም፤ ከላይ ባነሣነው የስኳር ሙከራ ሥራ የሠራውም ያቺ የሁለት ደቂቃ መራመድ ነበረች።

ጠረጴዛው ገብቶ ካለቀ በኋላ በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ዞራችሁ ስንቱ ከፍ ብሎ እንዳለ ቁጠሩ። ከአሥር አንዱ እንኳ ካልሆነ ሠራተኛውን አትውቀሱ፤ በመጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ ማስታወሻው ተሞልቶ እንደሆነ፣ ከዚያ አለቃው ራሱ ተነሥቶ ይሠራ እንደሆነ እዩ። የሚቀጥለውን ግዢ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ከምትቀጥሯቸው አጭሯንና ረጅሙን ሠራተኛ ጠርታችሁ፣ ተቀምጠውም ቆመውም ክርናቸውን ለክታችሁ፣ አራቱን ቁጥር በጨረታ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንድታሰፍሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የሥራ ቦታ ጤናና የቢሮ ዕቃ አገጣጠም ባለሙያዎች